የሰጣችሁት ላሟን ነው ወይስ ኮፒዋን? ከቦረና በረት እስከ ኮምፒውተር

ነገሌ ቦረና ሲባል ብዙዎቻችን የሚታወሰን ጥር 1966 ዓ.ም ነው። የአራተኛ ብርጌድ ወታደሮች በምግብና በውሃ ችግር ተማርረው አመፁ፤ ከአዲስ አበባ የተላኩላቸውን ጄኔራልም ይዘው እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው። አብዮቱ ከዚያ ጀመረ ሲባል ሰምተን አድገናል።

ዛሬ ስለ አመፁ አላወራም። በእነዚያው ዓመታት አንዲት አሜሪካዊት ተመራማሪ መልስ ስትፈልግለት ስለነበረ፣ የነገሌና የያቤሎ ከብት አርቢ ግን ከአያቱ ተቀብሎ ሲሠራበት ስለኖረ ጥያቄ ነው የማወራው። ጥያቄው አጭር ነው፦ ለሌላ ሰው አንድ ነገር ስትሰጡ የሰጣችሁት ምኑን ነው?

ጉዳዩ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፤ ግን አትሽሹ፣ ቀላል ነው። ፋንክሽን ማለት አንድ ሥራ እንዲሠራ የተዘጋጀ የትእዛዝ ጥቅል ነው። ቁጥር ወይም የስም ዝርዝር ትሰጡታላችሁ፣ ሠርቶ ይመልሳል። ታዲያ ፋንክሽኑ የተቀበለውን ዝርዝር ውስጥ ለውስጥ ቢቀይረው እናንተ ዘንድ ያለውም ይቀየራል? አዎ የሚል ቋንቋ አለ፤ አይ የሚልም አለ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው የአይቢኤሙ ፎርትራን 2 ነገሩን ራሱን አሳልፎ ይሰጥ ነበር። ጣጣውም ብዙ ነበር። 2 ቁጥርን ለአንድ ፋንክሽን ሰጥታችሁ እሱ 3 ቢያደርገው፣ በአንዳንድ ማሽኖች ላይ ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ ውስጥ 2 ተብሎ የተጻፈው 3 ሆኖ ይቆጠር ነበር! እ.ኤ.አ. በ1960 አልጎል መጣና በኮፒ ማስተላለፍንም ፈቀደ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዴኒስ ሪቺ ቤል ላብስ ውስጥ የሠራው ሲ ደግሞ ኮፒን ደንቡ አደረገ፤ ዋናው እንዲነካላችሁ ከፈለጋችሁ አድራሻውን ትሰጣላችሁ።

ኮፒ ለማንም ግልጽ ነው። ቀበሌ ስትሄዱ የመታወቂያችሁን ፎቶ ኮፒ ትሰጣላችሁ። ሠራተኛው ኮፒው ላይ ቢጽፍበት፣ ቢቀደው፣ ቡና ቢደፋበት ኪሳችሁ ያለው መታወቂያ ምንም አይሆንም።

ችግሩ ያለው ከዚህ ቀጥሎ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ባርባራ ሊስኮቭና ባልደረቦቿ ኤምአይቲ ውስጥ ክሉ የተባለ ቋንቋ ሠሩ። ከኮፒም ከፎርትራንም የተለየ ሦስተኛ መንገድ አመጡ፤ ስሙንም «መጋራት» አሉት። ዛሬ በዓለም በብዛት ከሚማሩት ቋንቋዎች አንዱ የሆነው ፓይተን የሚከተለው ይህንኑ ነው። ጀማሪ ተማሪ ሁሉ የሚደናገረውም እዚሁ ላይ ነው።

ቦረና ውስጥ ግን ለዚህ ስም አለው፦ ደበሬ። ከብት ያለው ሰው ላም ለሌለው ዘመዱ ወይም ወዳጁ የምትታለብ ላም ይሰጣል። ተቀባዩ ይጠብቃል፣ ያጠጣል፣ ወተቱን ለልጆቹ ያልባል። ላሟ ግን የሰጪው ናት፤ ጥጃዋም የሰጪው ነው። ሰጪውም ይጠቀማል፤ ከብቱ በአንድ ቦታ ስላልተከማቸ ድርቅ ወይም በሽታ ቢመጣ ሁሉም በአንዴ አያልቅበትም።

አሁን ይህን ከፓይተን ጋር አስተያዩት። ላሟ ተቀባዩ ቤት ብትወልድ የሰጪው ከብት በዛ፤ ብትከሳ የከሳችው የሰጪው ላም ናት። ላሟ አንድ ናትና። ተቀባዩ ግን ሌላ ላም ከገበያ ገዝቶ በዚያችው በደበሬዋ ላም ስም ቢጠራት የሰጪው ላም አትለወጥም፤ ስም ተዛወረ እንጂ ላም አልተዛወረችም። ጀማሪው ሳምንት የሚፈጅበት ነገር ይኸው ነው፤ ከዚህ ሌላ ምንም የለውም።

ሁለተኛም ስም አለ፦ ቡሳ ጎኖፋ። ከብቱ ያለቀበትን ሰው ጎሳው አዋጥቶ መልሶ ያቋቁመዋል። ይህ ውሰት አይደለም፤ የተሰጠው ከብት የተቀባዩ ንብረት ይሆናል፣ ሰጪው «ላሜ» ማለት አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2015 የመጀመሪያው ሙሉ እትሙ የወጣው ረስት የተባለው ቋንቋ የቆመው በዚሁ ልዩነት ላይ ነው፤ ስሙ ሲጠራ «ርስት» መምሰሉም ይገርማል። ረስት ውስጥ ሰጥታችሁ የጨረሳችሁትን መልሳችሁ ልጠቀም ብትሉ ፕሮግራሙ ገና ሳይሠራ ይከለክላችኋል። ያዋሳችሁት ከሆነ ግን ባለቤቱ እናንተው ናችሁ። ቦረና ውስጥ ይህን የሚዳኙት ሽማግሌዎችና የጎሳ ሕግ ናቸው፤ እዚያ ደግሞ ማሽኑ ይዳኛል።

አማርኛም ባዶ አይደለም። መጥረቢያ እናውሳለን፣ ብር እናበድራለን። የተዋሰ ያቺኑ መጥረቢያ ይመልሳል፤ የተበደረ ግን ያንኑ የብር ኖት ሳይሆን ልኩን ይመልሳል። ልጆቻችን ልዩነቱን ትምህርት ቤት ሳይገቡ ያውቁታል።

ይህን ለምን አነሳሁ? በሐምሌ 2016 ዓ.ም የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ተጀምሯል። ወጣቱ በስልኩ እየተማረ ነው፤ ጥሩ ነው። የምንማርበት ምሳሌ ግን ሁሉ የውጭ ነው። የያቤሎ ወይም የሞያሌ ልጅ ደበሬን እያወቀ የማያውቀውን የባሕር ማዶ ምሳሌ ይሸመድዳል፤ ሲያቅተው ደግሞ «ኮዲንግ ለእኔ አይሆንም» ብሎ ይተዋል። የጎደለው ችሎታ ሳይሆን የገዛ ቤቱን ዕውቀት ትምህርት ብሎ የሚቆጥርለት አስተማሪ ነው።

ጊዜውም ጠባብ ነው። ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ጠፍተው የቦረና ከብት እንዴት እንዳለቀ አይተናል። የሚያውሰው ላም የሌለው ሰው ደበሬን ለልጁ በተግባር ሊያሳየው አይችልም። ቃሉ ብቻ ይቀራል፤ ቃል ደግሞ ካልተጻፈ ይረሳል።

ስለዚህ በአፋን ኦሮሞም ሆነ በአማርኛ የኮዲንግ ትምህርት የምታዘጋጁ ወዳጆች፣ ያንን ምዕራፍ ስትጽፉ ከደበሬ ጀምሩ። የቦረናን ሽማግሌም ጠይቁ፤ እኔ ከዘረዘርኩት በላይ ያስተምሯችኋል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ?

ቸር ይግጠመን።