ከፕላስቲክ የተሠሩ ባለ ሁለት ስለት የጺም መላጫዎች፦ ጥንካሬያቸው፣ አገልግሎታቸውና ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

መግቢያ

ባለ ሁለት ስለት የጺም መላጫ በሁለት ወገን የተሳለ ስስ ምላጭ በመያዣ ውስጥ ታስሮ የሚሠራበት መሣሪያ ነው። አሜሪካዊው ኪንግ ካምፕ ጂሌት ለዚህ መሣሪያ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1904 ሲሆን፣ የአሠራሩ መሠረት እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ምላጩ ሲደንዝ ይጣላል፤ መያዣው ግን ለረዥም ጊዜ እንዲያገለግል ይጠበቃል። ከናስ ወይም ከሌላ ብረት የተሠራ መያዣ ዋጋው ከፍ ያለ በመሆኑ በርካታ ሸማቾች የፕላስቲኩን ይመርጣሉ። ይህ መረጃ የፕላስቲክ መያዣ በምን እንደሚበላሽ፣ እንዴት እንደሚመረጥና ለጤና ጠንቅ እንዳይሆን ምን መደረግ እንዳለበት ያብራራል።

የመሣሪያው ክፍሎችና አሠራር

መሣሪያው እጀታ፣ የምላጭ ማረፊያና ክዳን ያሉት ሲሆን፣ ሦስቱ ክፍሎች በብሎን ይያያዛሉ። የምላጩ ውፍረት 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ በራሱ ጸንቶ መቆም አይችልም። ብሎኑ ሲጠብቅ ክዳኑ ምላጩን ወደ ማረፊያው ይጫነዋል፤ ምላጩም በመጠኑ ጎብጦ ይወጠራል። ጸጉር ያለ መንቀጥቀጥ የሚቆረጠው በዚህ ውጥረት ምክንያት ነው። በመሆኑም የመያዣ ጥራት የሚለካው በመልኩ ሳይሆን ምላጩን በሁለቱም ወገን እኩል አጥብቆ በመያዙ ነው።

የአገልግሎት ብቃት

በሚገባ የተሠራ የፕላስቲክ መያዣ አዲስና ጥሩ ምላጭ ሲገባበት እንደ ብረቱ አጥርቶ ሊላጭ ይችላል። ሆኖም ሁለት ልዩነቶች አሉ። አንደኛ፣ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ፕላስቲክ ከናስ ይልቅ ከ30 እጥፍ በላይ በቀላሉ ይታጠፋል፤ ስለዚህ ራሱ ስስ ሆኖ የተሠራ መላጫ በወፍራም ጺም ላይ ምላጩን ሊያንቀጠቅጥና ቆዳን ሊቧጥጥ ይችላል። ሁለተኛ፣ የፕላስቲክ መያዣ ቀላል በመሆኑ ተጠቃሚው በእጁ ኃይል እንዲጫነው ያደርጋል። መጫን ግን ለመቆረጥ ያጋልጣል። ምላጩ ከቆዳው ጋር 30 ዲግሪ ያህል ማዕዘን እንዲይዝ አድርጎ በቀስታ መሳብ ይበቃል።

ጥንካሬ፦ በምን ይበላሻል?

ፕላስቲክ አይዝግም። ዋና ዋና የብልሽት ምክንያቶቹ የሚከተሉት ናቸው፦

• የብሎን ጥርስ መበላት፦ የፕላስቲክ ጥርስ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ይበላል ወይም ይሰነጠቃል። ክዳኑ ሲላላ ምላጩ ከቦታው ሊንሸራተትና ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።
• ሙቀት፦ ለቤት ዕቃዎች የሚውሉ ብዙ የፕላስቲክ ዓይነቶች ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲቃረቡ መለስለስ ይጀምራሉ። በከፍተኛ ቦታዎች ውኃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች ቢሆንም፣ መላጫውን በፈላ ውኃ ውስጥ ማቆየት ቅርጹን ሊያዛባው ይችላል። በትንሹ የተዛባ ማረፊያ ምላጩን በአንድ ወገን አብዝቶ ያወጣዋል።
• ኬሚካል፦ አሴቶን፣ ቤንዚንና መሰል ፈሳሾች አንዳንድ ፕላስቲኮችን ያሟሟሉ፤ በረኪና ደግሞ ምላጩን ይበላል።
• መውደቅ፦ ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው እጀታው ከራሱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት

1. ብሎኑ ከብረት የተሠራ መሆኑን ይመልከቱ። ራሱም ከብረት ሆኖ እጀታው ብቻ ፕላስቲክ ከሆነ የበለጠ ይቆያል።
2. ክዳኑን ፈትተው መልሰው ያጥብቁ፤ ብሎኑ ሳይንገዳገድ መግባት አለበት።
3. የክዳኑና የማረፊያው ጠርዞች ቀጥ ያሉ መሆናቸውን ያረጋግጡ።
4. ቤትዎ ምላጩን ካስገቡ በኋላ በሁለቱም ወገን የሚወጣው ስለት እኩል መሆኑን በዓይን ያስተያዩ፤ ስለቱን በጣት አይንኩ።

አጠቃቀምና አያያዝ

ከመላጨት በፊት ጺምን በሞቀ ውኃ ለ2 ወይም ለ3 ደቂቃ ማራስ ጸጉሩን ያለሰልሰዋል፤ የምላጩንም ዕድሜ ያራዝማል። ጸጉሩ በሚያድግበት አቅጣጫ መላጨት፣ በተለይ ጥቅል ጸጉር ላላቸው ሰዎች፣ ጸጉር ተመልሶ ወደ ቆዳ ገብቶ እብጠት እንዳያስከትል ይረዳል። ከተላጩ በኋላ መላጫውን ለብ ባለ ውኃ ያለቅልቁ፣ ውኃውን ያራግፉ፣ ደረቅ ቦታም ያስቀምጡ። አንድ ምላጭ እንደ ጺሙ ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ጊዜ ያገለግላል፤ ጸጉር መጎተት ከጀመረ ግን ወዲያውኑ መለወጥ አለበት። ጥርሱ የተበላ፣ የተሰነጠቀ ወይም ቅርጹ የተዛባ መያዣ በማጣበቂያም ሆነ በክር ተጠግኖ ሥራ ላይ መዋል የለበትም።

አንድ መላጫ ለአንድ ሰው

መላጫ ለዓይን በማይታይ መጠን እንኳ ደም ሊይዝ ይችላል። ኤች አይ ቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ሄፓታይተስ ሲ በደም ይተላለፋሉ፤ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጪ ቢያንስ ለ7 ቀናት ሊቆይ ይችላል። የፕላስቲክ መያዣ ተሕዋስያንን ለማጥፋት የሚያስፈልገውን ከፍተኛ ሙቀት የማይቋቋም በመሆኑ የግል መገልገያ ብቻ ሊሆን ይገባል። ምላጩን ለውጦ መያዣውን ለሌላ ሰው መስጠት በቂ ጥንቃቄ አይደለም። በአባትና በልጅ ወይም በወንድማማቾች መካከልም ቢሆን መዋዋስ አይገባም።

ያገለገለ ምላጭ አወጋገድ

ያገለገለ ምላጭ ልቅ ሆኖ ወደ ቆሻሻ ከተጣለ ሕፃናትንና ደረቅ ቆሻሻ የሚሰበስቡ ሠራተኞችን ይቆርጣል። ስለሆነም ክዳኑ በተበሳ ጠንካራ ቆርቆሮ ውስጥ ማጠራቀም፣ ሲሞላም ቀዳዳውን በሚገባ ዘግቶ ማስወገድ ያስፈልጋል። ምላጭን ወደ መጸዳጃ ቤት መጣል አይገባም።

የሸማቹ መብት

በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። መላጫ ሲገዙ ደረሰኝ ተቀብለው ይያዙ። ዕቃው ጉድለት ያለበት ሆኖ ካገኙት ሳይገለገሉበት ከነደረሰኙ ወደ ሻጩ በማቅረብ እንዲለወጥልዎ ይጠይቁ። መፍትሔ ካላገኙ በአካባቢዎ ለሚገኘው የንግድ ጽሕፈት ቤት ቅሬታዎን ማቅረብ ይችላሉ።