ስንሮጥ ደማችን ወዴት ይሄዳል?

ኳስ ተጫውቶ ወደ ክፍል የሚገባ ተማሪ ልቡ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚመታ ቢጠይቅ፣ "ደም ስለሚበዛ ነው" ብለን አንለፈው። ደሙ ያው ነው፤ የሚለየው ዙሩ ነው።

ደም እንደሚዞር በስሌት ያሳየው እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ሃርቬይ ነው። በ1628 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባሳተመው መጽሐፍ፣ ልብ በአንድ ምት የሚያወጣውን ደም በምቶቹ ብዛት አባዛ። በግማሽ ሰዓት የሚወጣው በሰውነት ውስጥ ካለው ደም ሁሉ በለጠ። ታዲያ ይሄ ሁሉ ከየት ይመጣል? ያው ተመልሶ ነዋ! ከደም ቅዳ ወደ ደም መልስ የሚሻገርበትን መንገድ ግን ሃርቬይ አላየውም። ቀጫጭኖቹን የደም ስሮች፣ ካፒላሪዎቹን፣ በእንቁራሪት ሳንባ ላይ በማይክሮስኮፕ ያየው ጣሊያናዊው ማርቼሎ ማልፒጊ ነው፤ በ1661።

የስፖርቱን ጥያቄ በደንብ ያነሳው ዴንማርካዊው ኦገስት ክሮግ ይመስለኛል፦ የሚሠራ ጡንቻ ተጨማሪ ኦክስጅን እንዴት ያገኛል? በእንስሳት ደም ስር ጥቁር ቀለም ጨምሮ ቀለም የገባባቸውን ካፒላሪዎች ቆጠረ። በሠራ ጡንቻ ካረፈው ይልቅ እጅግ ብዙ አገኘ። በ1920 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። (ባለቤቱ ማሪም ሐኪምና ተመራማሪ ነበረች።) የኋላ ጥናቶች ግን በእረፍትም አብዛኞቹ ካፒላሪዎች ደም እንደሚያልፍባቸው ስላሳዩ፣ "ዝግ ነበሩ፣ ተከፈቱ" የሚል የቆየ መጽሐፍ ሲገጥማችሁ ጠንቀቅ በሉ።

ያላከራከረው ይሄ ነው፦ ልብ በእረፍት በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ይረጫል፣ በከባድ ሩጫ 20 ሊትርና ከዚያም በላይ። ጡንቻ በእረፍት አንድ አምስተኛውን፣ በሩጫ እስከ አራት አምስተኛውን ይወስዳል፤ የሆድ ዕቃና የኩላሊት ድርሻ ይቀንሳል።

ላቦራቶሪ ባይኖርም የእጅ ትርታ አለ። ከዝላይ በፊትና በኋላ ለ15 ሴኮንድ አስቆጥሩና በ4 አባዙት።