ስልኩ የማን ነው? (የ«ሩት» ታሪክ ከደብረ ብርሃን)

እናላችሁ፣ ነገሩ የጀመረው በሳጥን ነው።

2011 ገደማ ይመስለኛል። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ስልኮቹም የመጡት በነሱ ካላንደር ነውና አትቀየሙኝ።) ታላቅ ወንድሜ ደብረ ብርሃን ወደሚገኘው ቤታችን የመጀመሪያውን አንድሮይድ ይዞ መጣ። ጋቢያችንን እንደለበስን ከበብነው። እሱም ሊያስደምመን አንድ የአማርኛ ድረ ገጽ ከፈተ። ከላይ እስከ ታች ሳጥን! ትንንሽ ባዶ ሳጥኖች፣ በመስመር በመስመር ተደርድረው። እናቴ አጎንብሳ አየችና «ምነው፣ ይኼ ስልክ ፊደል አልቆጠረም እንዴ?» አለች።

አልቆጠረም ነበር። የሚያናድደው ደግሞ የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ፣ በዩኒኮድ ውስጥ፣ ከ1999 ጀምሮ መግባቱ ነው። እያንዳንዱ ፊደላችን ቁጥር ተሰጥቶታል። የጠፋው ቁጥሩን ወደ ቅርጽ የሚለውጠው ፎንት ነው። ፎንት ማለት ተራ ፋይል ነው፤ ከአንድ ዘፈን ያነሰ። በፍላሽ ይዛችሁት ልትዞሩ ትችላላችሁ። ስልኩ ውስጥ የሚቀመጥበት ክፍል ግን ተቆልፏል። ገንዘቡን ከፍሎ የገዛው ሰውዬ ማየት እንጂ መንካት አልተፈቀደለትም።

ወንድሜ መናኸሪያ አካባቢ ወደነበረች አንዲት የሞባይል ጥገና ቤት ወሰደው፤ እኔም ተከተልኩ። ልጁ ስልኩን ከላፕቶፑ ጋር በኬብል አገናኘና «ሩት ላደርገው ነው፤ ከሞተ እኔ የለሁበትም» አለን። ስልኩ ጠፋ፣ በራ፣ እንደገና ጠፋ። የወንድሜ ፊትም አብሮት ይጠፋና ይበራ ነበር። በመጨረሻ ሲበራ ሳጥኖቹ ፊደል ሆነዋል። ሩት የሚለውን ቃል የሰማሁት ያን ቀን ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የመጽሐፍ ቅዱሷ ሩት መስላኝ ነበር።

ኋላ ሳነብ ቃሉ ከስልክ በፊት የነበረ ሆኖ አገኘሁት። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ፣ ቤል ላብስ ውስጥ ዩኒክስ የሚባል ሥርዓት ሲሠራ አንዱን ኮምፒውተር ብዙ ሰው ይጋራው ነበር። አንዱ የሌላውን ሥራ እንዳያበላሽ ለሁሉም ድርሻው ተከለለ፤ ሁሉን መክፈትና ሁሉን ማጥፋት ለሚችለው አስተዳዳሪ ደግሞ «ሩት» የሚል ስም ወጣለት። ሥር እንደማለት ነው። አንድሮይድ የዚሁ ቤተሰብ በሆነው ሊኑክስ ላይ የተሠራ ነው። ልዩነቱ፣ ስልኩን የምትጠቀሙት ብቻችሁን ሆናችሁ ሳለ አስተዳዳሪው እናንተ አለመሆናችሁ ነው።

መቆለፊያው ገና ከመምጣቱ ሰባሪ አላጣም። በ2007 አይፎን በወጣ በሁለት ወር ውስጥ ጆርጅ ሆትዝ የተባለ የ17 ዓመት ልጅ ከአንድ ኩባንያ ኔትወርክ ጋር ያሰረውን ቁልፍ ፈታው። የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ፣ በ2008 የወጣው ጂ ዋን፣ ታሪኩ ደግሞ የሚያስቅ ነው። አንድ ሰው ስልኩን አጥፍቶ ካበራ በኋላ ፍቅረኛው «ምነው ዝም አልክ?» ብላ ትጽፍለታለች። እሱም «ሪቡት» ብሎ ሲመልስላት ስልኩ ድርግም ብሎ እንደገና ተነሣ! ለካ በስህተት በስልኩ የሚጻፈው ሁሉ በስውር ለሩት ትእዛዝ ሆኖ ይደርስ ኖሯል። ጎግል ቀዳዳውን በቀናት ውስጥ ደፈነው፤ ስልካቸውን መክፈት የፈለጉት ግን ቀድመውት ነበር።

የባዕድ ዕቃ ከፍቶ የማየት አመል ለእኛም አገር አዲስ አይደለም። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሄዱ አንኮበርን ታገኛላችሁ። በ1870ዎቹ መጨረሻ፣ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ አልፍሬድ ኢልግ የሚባል ወጣት የስዊስ መሐንዲስ እዚያ ደረሰ። እንደሚተረከው ንጉሡ መጀመሪያ ጫማ አሠሩት፣ ቀጥሎ ጠመንጃ ሥራልኝ አሉት። ከአውሮፓ መግዛቱ ይረክሳል ቢላቸውም አልሰሙትም፤ ሠራላቸው። ሲገምቱት ዋጋው ጠፍቷቸው አይመስለኝም። የፈለጉት ዕቃው እዚህ፣ እሳቸው ፊት ሊሠራ መቻሉን ማየት ነው። የመናኸሪያው ልጅና ንጉሡ በዚህ ይገናኛሉ ብል ታሪክ አዋቂዎች ይቆጡኝ ይሆን?

ግን የተከፈተ በር ለባለቤቱ ብቻ አይደለም። በ2009 አውስትራሊያ ውስጥ፣ የተከፈቱ አይፎኖች ላይ በሁሉም አንድ የሆነውን የይለፍ ቃል ያልቀየሩ ሰዎች፣ አንድ ጠዋት ስክሪናቸው ላይ የዘፋኙን የሪክ አስትሊን ፎቶ አገኙ። ቀልደኛ ቫይረስ ነበር። በ2011 የመጣው ድሮይድ ድሪም ግን ቀልድ አያውቅም። በጎግል የራሱ ገበያ ከ50 በላይ አፖች ውስጥ ተደብቆ፣ ባለቤቱ ሳያውቅ ስልኩን ራሱ ሩት ያደርግ ነበር።

ለእኛ የሚቀርበው ታሪክ ከሁሉም ይከፋል። በነሐሴ 2020 አፕስትሪም የተባለ ኩባንያ የደህንነት ክፍል፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በአምስት የአፍሪካ አገራት በተሸጡ ቴክኖ ደብልዩ ቱ ስልኮች ውስጥ ትሪያዳ እና ኤክስ ሄልፐር የሚባሉ ተንኮለኛ ፕሮግራሞች ከካርቶኑ ሳይወጡ ተጭነው እንደነበር ይፋ አደረገ። ሥራቸው ባለቤቱን ሳያስፈቅዱ በሚያስከፍሉ አገልግሎቶች መመዝገብ ነበር። አምራቹ ትራንሽን ጥፋቱን በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ወዳለ አንድ አቅራቢ ወረወረ፤ መፍትሔም ልኬያለሁ አለ። ካርዴ ተበላ ብሎ ቴሌን የሚራገም ስንቱን አይተናል! ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሆኖ እየከዳው ቢሆንስ? ሩት አድርጉ አታድርጉ ብሎ መከራከር ለእነዚያ ገዢዎች ቅንጦት ነበር፤ ስልካቸው ገና ሳይገዙት በሌላ ሰው እጅ ነበረ።

ዛሬ ለፊደል ብሎ ስልክ የሚከፍት የለም። በ2012 በወጣው አንድሮይድ 4.1 የግዕዝ ፎንት አብሮ መጣ። አሁን የሚከፍቱት ከፋብሪካ ተጭነው የመጡና አልጠፋም የሚሉ አፖችን ለማራገፍ ነው፤ አለዚያም አምራቹ የረሳውን አሮጌ ስልክ በሌላ ሥርዓት ዕድሜውን ለማስረዘም። ይህንን እወደዋለሁ። መሳቢያ ውስጥ የተጣለ ስልክ ካላችሁ ሞክሩበት፤ ቢሞትም ቀድሞ ሞቷል። ብር የምታንቀሳቅሱበትን ስልክ ግን ተዉት። ቴሌብር በ2021 ከመጣ ወዲህ ስልካችን ኪሳችን ብቻ ሳይሆን ቦርሳችንም ሆኗል። ስልኩ መከፈቱን መርምረው አልሠራም የሚሉ የባንክ አፖችም ብዙ ናቸው። ሲያናድዱ! ግን ምክንያት አላቸው። ሩት የያዘ ፕሮግራም የሌላውን አፕ ጓዳ ገብቶ መፈተሽ ይችላል።

በቀደም ለበዓል ወደ ቤት ስሄድ ወደዚያች ጥገና ቤት ጎራ አልኩ። ልጁ ጎልማሳ ሆኗል፤ በሩ ላይ «ፓተርን እንከፍታለን፣ ፍላሽ እናደርጋለን» ይላል። ሩት የሚያስደርግ ሰው አሁንም ይመጣል ወይ አልኩት።

«እሱማ ቀረ» አለኝ፣ ከያዘው ስልክ ቀና ሳይል። «አሁን የሚመጣው ‹ባንኬ አልከፍት አለኝ፣ ሩቱን አጥፋልኝ› የሚለው ነው።»