ወረርሽኝና የከፍተኛ ትምህርት፦ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የ2012 ዓ.ም. ተሞክሮ

ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ ሁለት የዕውቀት ማዕከሎችን ያገናኛል። በግርጌው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ፣ በተራራው ላይ ደግሞ የኅዋ ምርምር ማዕከል ይገኛሉ። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ያመጠቀቻት የመጀመሪያዋ ሳተላይት የምድር ጣቢያ የተተከለው በዚሁ ተራራ ላይ ነው። ይህ ከሆነ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 4 ቀን፣ በአገሪቱ የመጀመሪያው የኮቪድ 19 ሕመምተኛ መገኘቱ ተገለጸ። ሳተላይቷ መሬትን ለመቃኘት እንጂ መልእክት ለማስተላለፍ የተሠራች ስላልነበረች፣ ከተራራው ሥር ለተቋረጠው ትምህርት ልትደርስለት አልቻለችም።

መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ መንግሥት ወሰነ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለጥቂት ቀናት በግቢያቸው እንዲቆዩ ከተደረገ በኋላ፣ በዚያው ወር ወደየቤተሰቦቻቸው ተላኩ። የበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ማደሪያ ቤቶችም ለለይቶ ማቆያ ዋሉ። በዚያን ጊዜ ዘርፉን ይመራ የነበረው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር የድኅረ ምረቃ ትምህርት በኢንተርኔት እንዲቀጥል ሲያደርግ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ግን የገጽ ለገጽ ትምህርት እስኪጀመር ድረስ እንዲጠብቁ ሆነ።

ይህ ልዩነት በዘፈቀደ የተደረገ አልነበረም። ከድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ብዙዎቹ ሥራ ያላቸውና በከተማ የሚኖሩ በመሆናቸው ኮምፒዩተርና የኢንተርኔት መስመር ለማግኘት ይቀላቸው ነበር። መምህራኑም በኢሜይልና በቴሌግራም ጽሑፍ እየላኩ፣ የመመረቂያ ጽሑፍም በርቀት እያረሙ ሥራቸውን ለመቀጠል ችለዋል። የቤተ ሙከራና የመስክ ሥራ የሚጠይቀው ትምህርት ግን በዚህ መንገድ ሊሟላ አልቻለም። ከዚህም በላይ ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሳምንታት በመቆየቱ፣ በአንድ መስመር ላይ ብቻ የተመሠረተ ትምህርት ምን ያህል ለአደጋ የተጋለጠ እንደሆነ በግልጽ ታይቷል።

ከየክፍለ አገሩ ተመድቦ ለሚመጣው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ግቢው ማደሪያው ብቻ ሳይሆን መብራቱ፣ ቤተ መጻሕፍቱና የኢንተርኔት መስመሩም ነበር። ወደ ገጠር ሲመለስ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን አጣ።

በመገናኛ ዘዴ ማስተማር ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ለትምህርት ቤቶች ማሰራጨት ተጀምሯል። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት አማካይነት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ተሰጥቷል። ይሁን እንጂ እነዚህ ዘዴዎች ተማሪው በክፍሉ ተቀምጦ፣ መምህሩም ከአጠገቡ ሆኖ እንዲከታተል የታቀዱ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው በ1967 ዓ.ም. ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪዎቹን ባሰማራ ጊዜ መደበኛው ትምህርት እስከ ዘመቻው ፍጻሜ ተቋርጦ ነበር። እንግዲህ ግቢው ባዶ በሚሆንበት ጊዜ ትምህርት ወደ ተማሪው ቤት የሚደርስበት ሥርዓት ከሁለቱም ልምዶች አልተወረሰም።

በ2013 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲዎች ተመራቂ ተማሪዎችን በማስቀደም ተማሪዎቻቸውን መልሰው ተቀበሉ። የባከነውን ጊዜ ለማካካስም የትምህርት ዘመኑ እንዲያጥር ተደረገ። ከዕረፍቱ የቀነሰው ጊዜ ለመምህሩም ለተማሪውም ድካም መሆኑ አልቀረም።

ከዚህ ተሞክሮ ዕቅድ አውጪዎች ሊገነዘቡት የሚገባው ዋና ነገር፣ የርቀት ትምህርት ዝግጅት ከመሣሪያው ሳይሆን ከተማሪው መኖሪያ መነሣት እንዳለበት ነው። ተማሪው ሲመዘገብ በቤቱ መብራት፣ ሬዲዮና ስልክ መኖሩ ቢጠየቅ፣ የየኮርሱም አጭር የታተመ መማሪያ አስቀድሞ ቢዘጋጅ፣ መስመር ሲቋረጥ ትምህርት አብሮ አይቋረጥም። የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማትም እጩ መምህራን ራሱን ለሚያስተምር ተማሪ የሚሆን ጽሑፍ እንዲያዘጋጁ ቢያለማምዱ፣ ሌላ ወረርሽኝ ወይም ሌላ ችግር ቢደርስ በሩቅ ያለው ተማሪ ብቻውን ቆሞ እንዳይጠብቅ ለማድረግ ይቻላል።