የአራስ ምርመራ፦ ስድስተኛው ሳምንት ይዘገያል?

ሴት በሰላም ስትገላገል ብዙ ቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል። እልልታው ይቀልጣል፣ ገንፎው ይገነፋል፣ የሰው ዓይን ሁሉ ወደ ሕፃኑ ይዞራል። የእናትየው አደጋ ግን ገና አላለፈም። ታዲያ ደህና የምትመስልን አራስ በቀጠሮ እየጠሩ መመርመር ይጠቅማል? ወይስ ጤና ጣቢያውን ማጨናነቅ ብቻ ነው? እስኪ ታሪኩን አብረን እንየው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመርማሪው እጅ ሲገድል

በ1840ዎቹ የቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩት። አንዱ ውስጥ ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች፣ ሌላው ውስጥ አዋላጆች ይሠራሉ። በወሊድ ትኩሳት፣ ማለትም ከወሊድ በኋላ ከማኅፀን በሚነሳ ኢንፌክሽን፣ የሚሞቱት እናቶች በሐኪሞቹ ክፍል ይበዙ ነበር። ይገርማል አይደል? ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለ ሐኪም ምክንያቱን ደረሰበት፦ ሐኪሞቹ አስከሬን ሲመረምሩ ቆይተው በዚያው እጃቸው እናቶችን ይመረምሩ ነበር። በ1847 ሜይ ወር በክሎሪን ውህድ እጅ መታጠብ ግዴታ ሆነ። በኤፕሪል ከ100 ወላዶች 18 ያህሉ የሞቱበት ክፍል፣ በጁን ቁጥሩ ወደ 2 ገደማ ወረደ።

ስለዚህ ምርመራ ስለተደረገ ብቻ ይጠቅማል ማለት አይደለም። ሊገድልም ይችላል።

ማወቅና ማዳን

ከዚያ በኋላም ቢሆን ለብዙ ዓመታት ትኩሳቱን መለካት ይቻል እንጂ፣ ኢንፌክሽኑ ደም ውስጥ ከገባ ሐኪሙ የሚሰጠው መድኃኒት እምብዛም አልነበረውም። በ1936 ሊዮናርድ ኮልብሩክ በለንደኑ ኩዊን ሻርሎት ሆስፒታል ፕሮንቶሲል የተባለውን መድኃኒት፣ የሰልፋ መድኃኒቶችን ፈር ቀዳጅ፣ ለታመሙ አራሶች ሰጥቶ ሞት በእጅጉ መቀነሱን አሳየ። ከዚህ ወዲህ ቴርሞሜትሩ ሥራ አገኘ፤ ትኩሳቱን ቶሎ ያየ ሰው ቶሎ ማከም ቻለ።

ለምን ስድስት ሳምንት?

ማኅፀን ወደ ቀድሞ መጠኑ የሚመለሰው በስድስት ሳምንት ገደማ ነው። በብዙ አገሮች የአራስ ምርመራ ቀጠሮም እዚያው ላይ ተቆረጠ። እኔ የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ ይህን ሳይ አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። እናት ማሽን አይደለችም፤ ግን የማሽን ፍተሻ ጊዜ የሚወጣው ብልሽት መቼ እንደሚበዛ ታይቶ ነው። የእናቶች አደጋስ መቼ ነው የሚበዛው? በ1996 የታተመ አንድ ሰፊ ዳሰሳ እንዳሳየው፣ ከወሊድ በኋላ ከሚደርሱት የእናቶች ሞቶች 45 በመቶው በመጀመሪያው ቀን፣ ከ65 በመቶ በላዩ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከ80 በመቶ በላዩ ደግሞ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይደርሳል። ደም መፍሰስ፣ የደም ግፊትና ኢንፌክሽን ስድስት ሳምንት አይጠብቁም። ሞትን ለመከላከል ከሆነ ያን ጊዜ ብቻ መመርመር «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው።

ቀኑን ማሳጠር ብቻ ይበቃል?

አይበቃም። በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት ተመራማሪዎች እናቶችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። አንዱ ቡድን ሐኪም ዘንድ በአንደኛው ሳምንት፣ ሌላው እንደተለመደው በስድስተኛው እንዲሄድ ተቀጠረ። ውጤቱ በ1998 ሲታተም በእናቶቹ ጤና ላይ ልዩነት አልተገኘም።

በእንግሊዝ የተደረገው ሌላ ሙከራ ግን የተለየ ነገር አሳየ። በክርስቲን ማክአርተር የተመራውና በ2002 የታተመው ይህ ጥናት 2064 እናቶችን አሳትፏል። ቀጠሮውን ከማንሳት ይልቅ ክትትሉን ራሱን ለወጡት፦ አዋላጆች እስከ ሦስት ወር ድረስ ተከታተሉ፣ ችግሮችን በዝርዝር እየጠየቁ ለእያንዳንዷ እናት የሚያስፈልጋትን አደረጉ። በ1987 የተዘጋጀውን የኤዲንበርግ መጠይቅም ተጠቀሙ፤ አሥር ጥያቄዎች ናቸው፣ የአራስን ድባቴ ለመለየት ይረዳሉ። በአራተኛው ወር ሲታይ የአካል ጤናቸው እምብዛም አልተለየም፤ የአእምሮ ጤናቸው ግን በግልጽ ተሻለ። ድባቴ እኮ በስቴቶስኮፕ አይሰማም። ካልጠየቋት ብዙ እናት አትናገርም።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ያወጣው መመሪያ እነዚህን ትምህርቶች ያስማማል፦ ጤና ተቋም የወለደች እናት ቢያንስ 24 ሰዓት እዚያው ትቆይ፤ ከዚያ በሦስተኛው ቀን፣ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜና በስድስተኛው ሳምንት ትታይ ይላል። ስድስተኛው ሳምንት አልተሰረዘም፤ ብቻውን መቆሙ ነው የቀረው።

በኢትዮጵያ ብሔራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በወለዱ በሁለት ቀን ውስጥ የታዩት እናቶች በ2016 17 በመቶ፣ በ2019 34 በመቶ ነበሩ። እጥፍ ሆኗል፤ ግን ከሦስት እናቶች ሁለቱ አደጋው በሚበዛበት ሰዓት የሚያያቸው ባለሙያ አልነበረም ማለት ነው። ደግሞም በባህላችን አራስ ከቤት አትወጣም። ስለዚህ እርሷን ከመጥራት ይልቅ ወደ እርሷ መሄድ ይቀላል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የቤት ለቤት ጉብኝት ዋጋው እዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ «የአራስ ምርመራ ይጠቅማል ወይ?» ሲባል መልሳችሁ ሦስት ጥያቄ ይሁን፦ መቼ? ምን ተፈልጎ? ችግር ቢገኝስ ምን ይደረጋል? ሦስቱም መልስ ካላቸው ይጠቅማል። እናንተም አራስ ልትጠይቁ ስትሄዱ ሕፃኑን ከማየታችሁ በፊት «አንቺስ እንዴት ነሽ?» በሏት። ብዙ ደም ከፈሰሳት፣ ካተኮሳት፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ካለባት፣ ካንቀጠቀጣት፣ ወይም መኖር እስኪያስጠላት ከከፋት፣ ቀጠሮ አይጠበቅም። ያኔውኑ ወደ ጤና ተቋም ትወሰድ።