የዋሊያስ ባንድ ሙዚቀኞችና የኋላ ዕድላቸው

ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲወጣ አርቃቂው አንድ ሰው፥ ፈራሚው ሌላ ሰው መሆኑን በቢሮ ሥራ የቆየ ሁሉ ያውቀዋል። ደብዳቤው ከተሠራጨ በኋላ የሚታወሰው ከግርጌው ያለው ፊርማ ነው፤ ቃሉን አበጥሮ የጻፈው ሰው ግን ስሙ በመዝገብ ቤት እንኳ አይገኝም። በሙዚቃችንም ዘንድ እንዲሁ ያለ ልማድ ኖሯል። በሸክላው መካከል በተለጠፈው ክብ ወረቀት ላይ ጎልቶ የሚታተመው የዘፋኙ ስም ነው፤ ዜማውን ያቀናበረው፥ ኦርጋኑን የመታው፥ ሳክስፎኑን የነፋው ግን አብዛኛውን ጊዜ በባንዱ ስም ተጠቅልሎ ይቀራል። ዘፋኝ በሌለበት ሙዚቃ ላይማ ነገሩ ይብሳል።

እኔ በልጅነቴ፥ በሬዲዮ ከአንዱ ዝግጅት ወደ ሌላው መሸጋገሪያ ሆነው የሚቀርቡትን ቃል የሌላቸውን ዜማዎች እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ሰፈሩ ሁሉ በፉጨት ያዜማቸዋል፤ የማን እንደ ሆኑ ግን የሚጠይቅም የሚናገርም አልነበረም። ከእነዚያ ዜማዎች አንዱ «ሙዚቃዊ ስልት» የሚባለው መሆኑን፥ የተጫወቱትም የዋሊያስ ባንድ ሙዚቀኞች መሆናቸውን ያወቅሁት ለዐቅመ አዳም ከደረስሁ በኋላ ነው፤ ያውም በውጭ አገር እንደገና ከታተመ ሸክላ ላይ አንብቤ። ይህ ነገር ሲከነክነኝ ስለ ቆየ፥ ሰዎቹ ከየት ተነሥተው ወዴት እንደ ደረሱ ለማወቅ የቻልሁትን ያህል ተከታትዬ ለአንባብያን አቀርባለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ዘመናዊው የሙዚቃ መሣሪያ ወደ አገራችን የገባው በመንግሥት በር ነው። በ1924 ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ በተጓዙ ጊዜ በኢየሩሳሌም ያገኟቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ መጥተው የነሐስ ሙዚቃ ጓድ ሲሆኑ፥ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ ደረሱ። ከጠላት ወረራ በኋላም የክብር ዘበኛ፥ የፖሊስ፥ የጦር ሠራዊት፥ ቀጥሎም በ1955 የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፥ ማለት የኋላው ብሔራዊ ቴአትር፥ የሙዚቃ ክፍሎች እየተስፋፉ ሄዱ። በዚህ ሥርዓት ሙዚቀኛ ማለት ደመወዝተኛ ማለት ነበር። የሚነፋው መለከት በንብረት ክፍል የተመዘገበ የመንግሥት ዕቃ ነው፤ ሥራውን ሲለቅ ያስረክባል። ሸክላ የማሳተም መብትም ከ1948 ጀምሮ በዐዋጅ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አቶ አምኃ እሸቴ የተባሉት ወጣት ነጋዴ በ1969 ይህን ክልከላ ደፍረው በራሳቸው ስም ሸክላ ማሳተም ሲጀምሩ፥ እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎች አወጡ። ከመንግሥት ደመወዝ ውጭ ለሚኖር ሙዚቀኛ እንጀራ የተገኘው ከዚህ በኋላና በምሽት ክበቦች መስፋፋት ነው።

ዋሊያዎች የዚህ አዲስ ኑሮ ልጆች ናቸው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቬነስ በሚባለው ክበብ ይሠሩ ከነበሩት ተጫዋቾች ተውጣጥተው ባንዱን አቋቋሙ፤ ቀጥሎም በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ተቀጥረው የዚያን ዐሥር ዓመት አብዛኛውን ክፍል እዚያ ሠሩ። ከመካከላቸው የኦርጋን ተጫዋቹ አቶ ኃይሉ መርጊያ በ1946 በደብረ ብርሃን የተወለዱ ናቸው። በ14 ዓመታቸው ትምህርት ቤት ትተው ወደ ጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍል ገቡና የኖታን ሀሁ ቈጠሩ፤ ግን ብዙም ሳይቆዩ ወጥተው አኰርዲዮናቸውን አንግተው በየክበቡ መጫወት ያዙ። ፒያኖ የሚመቱት አቶ ግርማ በየነ ሙዚቃን በራሳቸው ጥረት የተማሩ፥ ከሁሉም ይልቅ በአቀናባሪነታቸው የተከበሩ ሰው ነበሩ። ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎን፥ ዮሐንስ ተኮላ በትራምፔት፥ መሐሙድ አማን በጊታር፥ መላከ ገብሬ በቤዝ ጊታር፥ ተማረ ሐረጉ በከበሮ ጓዱን አሟሉት።

በ1974 የዘውዱ ሥርዓት ወድቆ ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ሰዓት እላፊ ታወጀ። የምሽት ሙዚቃ ይጠፋል ተብሎ ሲፈራ፥ ነገሩ ባልታሰበ መንገድ ሄደ። ሰው ሰዓቱ ሳይሞላ ወደ ክበቡ ይገባል፤ በሩ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ መውጣት ስለማይቻል እስከ ንጋት ድረስ እየጨፈረ ያድራል፤ ተጫዋቹም አብሮ ያድራል። በውጭ ስንት ነገር ይደረግ በነበረበት ሌሊት፥ በውስጥ እስኪነጋ ድረስ ይዘፈን ነበር። ያን ዘመን ያላየሁት ሰው እንዲህ ያለውን ሌሊት እንዴት ልመዝነው እንደሚገባኝ እስካሁን ይቸግረኛል። ሙዚቀኞቹ ግን ከዚያ ሌሊት አንድ ነገር አተረፉ፤ ይኸውም እርስ በርሳቸው ሳይተያዩ የሚግባቡበትን ቅንጅት ነው።

«ቼ በለው» የተባለው ሸክላ በ1977 በካይፋ አሳታሚነት የወጣው በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን ተጋብዘው ተጫውተውበታል። ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ዘፋኝ የሌለበት ነው። በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ የዘፈን ግጥም በሳንሱር ሚዛን ላይ ይቀመጥ ስለ ነበር፥ ቃል የሌለው ዜማ ከዚያ ሚዛን ያመለጠ ይመስለኛል። ስሙ በቅሎን ወይም ፈረስን ለማስገሥገሥ የሚባለው ቃል መሆኑን ልብ ይሏል፤ ለዚያ ለታፈነው ዘመን ስሙም ዜማውም የማይመጥኑ ነበሩ። በውስጡ ያለው «ሙዚቃዊ ስልት» የአቶ ግርማ በየነ ድርሰት ነው፤ ነፋሾቹ አንዲት አጭር ሐረግ ይዘው ይመላለሱባታል፥ ቤዙ ከሥር ሳይቸኩል ይራመዳል፥ ኦርጋኑ አልፎ አልፎ ጣልቃ ይገባል። አንድ ጊዜ የሰማው ሰው በቀላሉ አይረሳውም።

ሸክላው ግን በጊዜው ብዙ ትርፍ አላስገኘም። የሸክላ ዘመን በማለቅ ላይ ነበርና ካሴት ቦታውን ወሰደ። አቶ ኃይሉ ከዚህ ቀደም በ1975 ከባንዳቸው ጋር «ትዝታ» የተባለ ካሴት አውጥተው ነበር፤ በ1978 ደግሞ ከዳህላክ ባንድ ጋር በግዮን ሆቴል «ወደ ሐረር ጉዞ»ን ቀረጹ። ካሴት ርካሽ ነው፥ በቀላሉ ይባዛል፤ በቀላሉ ስለሚባዛም የተጫዋቾቹ ዝርዝር ከሽፋኑ ላይ የሚወድቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ዜማው ከገበያ ወደ ገበያ ሲዞር የባለቤቶቹ ስም ወደ ኋላ ቀረ።

በ1981 ዋሊያስ ባንድ ወደ አሜሪካ ተጓዘ። መሐሙድ አሕመድንና ጌታቸው ካሣን የመሳሰሉ ዘፋኞችን አጅበው በየከተማው ለሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ተጫወቱ። ጉዞው ሲያልቅ ባንዱ ለሁለት ተከፈለ፤ ኃይሉ መርጊያ፥ ግርማ በየነ፥ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ በዚያው ቀሩ፤ የቀሩት ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሰው አገሩን የሚለቅበትን ወይም ወደ አገሩ የሚመለስበትን ምክንያት ከሩቅ ሆኖ መፍረድ አይገባም፤ በዚያ ዓመት ሁለቱም መንገድ ከባድ ነበር። ለሙዚቃው ግን አንድ ቤት ፈረሰ። ለዓመታት በየሌሊቱ አብረው ያደሩ ሰዎች የሠሩት ቅንጅት በሁለት አህጉር ተከፍሎ የሚቀጥል ነገር አይደለም።

በዋሽንግተን የቀሩት ዙላ የተባለ ባንድ አቋቁመው ጥቂት ዓመታት ሠሩ። ነገር ግን የስደተኛው ማኅበር ገና ትንሽ ነበር፤ ከሁሉ የባሰው ደግሞ የኤሌክትሪክ ኪቦርድ መምጣቱ ነው። አንድ ሰው በአንድ ኪቦርድና በከበሮ ማሽን የስድስት ሰው ሥራ ሲሠራ፥ ሬስቶራንት ለስድስት ሰው የሚከፍልበት ምክንያት አይኖርም። ሳክስፎንና ትራምፔት ነፊዎች በአዲስ አበባም በዋሽንግተንም እንጀራቸው የቀነሰው በዚህ ነው። የሚገርመው፥ አቶ ኃይሉ ራሳቸው በ1985 በዋሽንግተን አንድ ትንሽ ስቱዲዮ ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠው፥ በዚያው ማሽን ከበሮ እያስመቱ የልጅነት አኰርዲዮናቸውን ተጫወቱበት። አኰርዲዮን በዚያን ጊዜ ፋሽኑ ያለፈበት መሣሪያ ነበር፤ እርሳቸው ግን የቀድሞዎቹን የሕዝብ ዜማዎች በእርሱ እያንጐራጐሩ በዘመኑ ኪቦርድ ድምፅ ከበቡት። ባንዱን ያፈረሰው ማሽን ባንዱን ላጣ ሰው የብቸኝነት ጓደኛ ሆነ ማለት ነው። ካሴቱ «ሸሞንሟናዬ» በሚል ስም በአገር ቤት ተሸጠ፥ ተደመጠ፥ ተረሳም።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ አቶ ኃይሉ በመድረክ መጫወታቸውን አቆሙ፤ ከዚያም ታክሲ ነጂ ሆኑ። የሚሠሩት ከዋሽንግተን ወጣ ብሎ ባለው በዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ባለታክሲ ከመንዳት ይልቅ ተራ በመጠበቅ የሚያሳልፈው ጊዜ ይበልጣል። እርሳቸውም በዕቃ መጫኛው ውስጥ ትንሽ ኪቦርድ ይዘው ይዞሩ ነበር፤ ተራቸው እስኪደርስ ድረስ አውጥተው ይለማመዳሉ፥ ተራው ሲደርስ መልሰው ይከቱታል። ከኋላ ከተቀመጡት መንገደኞች ምናልባት አንዳንዱ በሻንጣው ውስጥ የእርሳቸውን ዜማ ይዞ ይጓዝ ይሆናል፤ ከፊቱ ያለው ነጂ ማን እንደ ሆነ ግን በምን ያውቃል?

ይህ በእንዲህ እንዳለ ዜማዎቹ ያለ ባለቤቶቻቸው ዓለምን ይዞሩ ጀመር። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ «ኢትዮፒክ» በሚባለው ተከታታይ ኅትመት የዚያን ዘመን ሸክላዎች እየሰበሰቡ አሳተሙ፤ ለዚህ ሥራቸው ምስጋና ይገባቸዋል። በ1998 ደግሞ ዳክታሪስ የሚባሉ የኒውዮርክ ተጫዋቾች «ሙዚቃዊ ስልት»ን ተጫውተው በሸክላ አወጡ፤ ሽፋኑንም በ1970ዎቹ ናይጄሪያ ውስጥ የታተመ አስመስለው አዘጋጁት። በአዲስ አበባ የተደረሰ ዜማ በኒውዮርክ ተጫውቶ የናይጄሪያ ልብስ ለበሰ፤ የዜማው ደራሲ ደግሞ ኑሮአቸው እዚያው አሜሪካ ነበር።

ብራያን ሺምኮቪትስ የተባለ አሜሪካዊ፥ የአፍሪካን ካሴቶች እየፈለገ የሚያሳትም ሰው፥ በባሕር ዳር አንድ ሱቅ ውስጥ «ሸሞንሟናዬ»ን አገኘ። ይህን ስናገር አንድ ነገር ማመልከት እወዳለሁ። ካሴቱ የተገኘው ከመሬት ተቈፍሮ ወይም ከገዳም ዕቃ ቤት ወጥቶ አይደለም፤ በመደርደሪያ ላይ፥ ማንም ሊገዛው በሚችለው ዋጋ ተቀምጦ ነበር። የጎደለው ዕቃው ሳይሆን «ይህ ሰው ማን ነው? አሁንስ የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነበር። ሰውየው ጠየቀ፤ የስልክ ቍጥራቸውን ፈልጎ አገኘና ወደ አቶ ኃይሉ ደወለ። በ2013 ካሴቱ እንደገና ታተመ፤ በዚያን ጊዜ አቶ ኃይሉ 67 ዓመታቸው ነበር። በዓመቱ «ቼ በለው»፥ በ2016 «ወደ ሐረር ጉዞ»፥ በ2021 «ትዝታ» ተከታትለው ታተሙ። ከዚህም በላይ፥ «ላላ በሉ» በ2018፥ «የኔ ምርጫ» በ2020 አዲስ ሥራ ሆነው ወጡ። በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮችም እንደገና ተጫወቱ። የታክሲውን ሥራ ግን ወዲያው አልተዉትም፤ በጉዞና በጉዞ መካከል ወደ ዳላስ ይመለሱ ነበር።

ወደ አገር ቤት የተመለሱት ጓደኞቻቸው ይህን የመሰለ ዝና አላገኙም። ዓለም ታክሲ የሚነዳ የቀድሞ ኮከብ ታሪክ ይወዳል፤ በአገሩ ሆኖ በየምሽቱ ሥራውን ሲሠራ የኖረ ጊታር ተጫዋች ወይም ከበሮ መቺ ግን ለጋዜጣ የሚሆን ወሬ አይወጣውም። እንደገና በታተመው ሸክላ ላይ ያለው ድምፅ የእነርሱም እንደ ሆነ ግን ጆሮ ያለው ሁሉ ይሰማል።

የአቶ ግርማ በየነ ነገር ከሁሉ ይለያል። በዘፋኝነት በስማቸው የቀረጹት በጣት የሚቈጠር ነው፤ ለሌሎች ያቀናበሩት ግን ብዙ ነው፤ የዚያን ዘመን ታዋቂ ዘፈኖች የሰማ ሰው ሳያውቀው የእርሳቸውን እጅ ሰምቷል። በአሜሪካ ከሙዚቃ ርቀው በነዳጅ ማደያ ሲሠሩ ብዙ ዓመታት አለፉ። የዕድሜያቸው ማምሻ ላይ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። በፓሪስ አካሌ ውቤ የሚባል ባንድ አለ፤ ስሙን «አካሌ ውቤ» ከሚባለው ዜማ የቀዱ፥ በዕድሜ ልጆቻቸው የሚሆኑ ፈረንሳውያን ናቸው። የአቶ ግርማን ሥራዎች ከሸክላ እየሰሙ ያጠኑ ስለ ነበር፥ አቶ ግርማ ወደ እነርሱ ሲሄዱ እያንዳንዱን የነፋሾች ሐረግ በቃላቸው ይዘው ቆዩአቸው። አብረው የቀረጹት ሸክላ በ2017 የ«ኢትዮፒክ» 30ኛ ቅጽ ሆኖ ወጣ። የሰጡትም ስም በአማርኛ ሲመለስ «ሆን ብሎ መሳሳት» እንደ ማለት ነው። በሽፋኑ ላይም የአቀናባሪው ስም፥ ግርማ በየነ የሚለው፥ ከባንዱ ስም በፊት ተጽፏል።