የቤት ገዢና ነገረ ፈጁ በእንግሊዝ አገር

በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያ ቤቱን የሚገዛ ሰው ከሻጩ ጋር በዋጋ እንደ ተስማማ ወዲያው የሚቀርብለት ጥያቄ «ነገረ ፈጅህ ማን ነው?» የሚል ነው። ነገረ ፈጅ ያልነው በእነርሱ ቋንቋ ሶሊሲተር የሚባለውን፥ በችሎት ከመሟገት ይልቅ ሰነድ በማዘጋጀትና ደንበኛውን በመምከር የሚተዳደረውን የሕግ ሰው ነው። ገዢው ብዙ ዓመት የቈጠበውን ገንዘብ የሚያስረክበው ለዚህ ሰው ስለ ሆነ፥ ምርጫው ቀላል ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ የመምረጡ ነገር ራሱ የቅርብ ጊዜ ዕድል ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።)

በጥንት ዘመን ሻጩና ገዢው ከመሬቱ ላይ ቆመው፥ በእማኞች ፊት፥ ሻጩ ጓል አፈር ወይም የዛፍ ቅርንጫፍ ለገዢው ያስጨብጠው ነበር። በ1677 የወጣው ሕግ ግን የመሬት ነገር በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲፈረምበት አዘዘ። ከዚያ ወዲህ ባለቤትነት ማለት በሣጥን የተቈለፈ የብራና ጥቅል ማለት ሆነ። ገዢውም ሻጩ ከማን እንደ ገዛ፥ ያም ከማን እንደ ወረሰ፥ ወደ ኋላ እየቈጠረ መመርመር ግድ ሆነበት። ምርመራው በልማድ 60 ዓመት ይዘልቅ ነበር፤ በ1874 ወደ 40፥ በ1925 ወደ 30፥ በ1969 ወደ 15 ዓመት ዝቅ አለ። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ አንብቦ ጕድለቱን ለማውጣት ባለሙያ ያስፈልግ ነበር።

በ1804 ፓርላማው በነገረ ፈጆች ላይ የተጣለውን ቀረጥ ሲጨምር፥ በለውጡ የመሬት ማስተላለፊያ ሰነድ በክፍያ የማዘጋጀቱ ሥራ ለሕግ ሰዎች ብቻ እንዲሆን ደነገገ። መንግሥት ቀረጡን አገኘ፤ እነርሱ ሥራውን አገኙ፤ ወጪውን የተሸከመው ገዢው ነው። አከፋፈሉም የሚያስገርም ነበር፤ የሰነዱ ዋጋ በርዝመቱ ይታሰብ ስለ ነበረ፥ 72 ቃል አንድ ፎልዮ ተብሎ ይቈጠር ነበር። በቃል ብዛት የሚከፈለው ጸሐፊ ቃል እንደማይቈጥብ አንባቢ አያጣውም። የ1881 ሕግ ይህን አሻሽሎ ክፍያው በቤቱ ዋጋ መጠን እንዲሆን መንገድ ከፈተ። ቋሚው ታሪፍም እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ስለ ቈየ፥ ገዢው ዋጋ የሚያወዳድርበት ምክንያት አልነበረውም።

በሌላ በኩል የመሬት መዝገብ ቤት በ1862 ተቋቁሞ ነበር፤ ነገር ግን ምዝገባው በፈቃድ ስለ ነበረ ብዙ ሰው አልቀረበም። በ1897 በወጣው ሕግ በለንደን ግዴታ ሆነ። በእንግሊዝና በዌልስ በሙሉ የሚሸጥ ቤት ሁሉ እንዲመዘገብ የታዘዘው ግን በ1990 ነው። መዝገቡ ባለቤቱን በአንድ ገጽ ከተናገረ፥ ብራና አንባቢው ስለ ምን ብቻውን ይከፈላል? የሚል ጥያቄ መነሣቱ አልቀረም። በ1983 ኦስቲን ሚቸል የተባሉት የሌበር እንደራሴ ይህን ብቸኛ መብት የሚሽር ረቂቅ ለፓርላማው አቀረቡ። መንግሥትም ነገሩን ራሱ እንደሚፈጽመው ቃል ገባና በ1985 ሕግ ወጣ፤ በዚሁ ሕግ ነገረ ፈጅ ያልሆኑ፥ ነገር ግን ፈቃድ ያላቸው የቤት ማስተላለፍ ባለሙያዎች ተፈቀዱ።

ዛሬ እንግዲህ ገዢው ከሁለቱ የወደደውን ይይዛል። ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ነገረ ፈጆቹ ለቤት ሥራ የሚያስከፍሉትን ዋጋ በይፋ እንዲያሳውቁ ታዘዋል። ነገር ግን በእኔ አስተያየት በርካሽነት ብቻ መምረጥ የሥራውን መለወጥ አለማስተዋል ነው። የቤት ደላላው «የእኛን ሰው ያዝ» ሲልም፥ ስለ መላኩ የሚቀበለው ገንዘብ እንዳለ መጠየቅ ነውር የለበትም። ሻጭ የቤቱን ጕድለት ሁሉ ይናገር ዘንድ ሕጉ አያስገድደውምና፥ ገዢ ይጠንቀቅ የሚለው አሮጌ ደንብ በብዙው እንደ ጸና ነው። ስለዚህ ተፈላጊው ሰው መዝገቡ የማይመልሰውን የሚጠይቅ ነው።

ይህም በ1980 በግልጽ ታየ። ቤቱ የተመዘገበው በባል ስም ብቻ ነበር፤ ባንክም መዝገቡን አምኖ በቤቱ መያዣነት ገንዘብ አበደረ። ሚስቲቱ ግን ለቤቱ ግዢ ገንዘብ አዋጥታ በዚያው ትኖር ነበር። በዚያ ዘመን የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ የነበረው የሎርዶች ምክር ቤት ድርሻዋ በባንኩ ላይ የጸና መሆኑን ፈረደ፤ ባንኩ ቤቱ ውስጥ ማን እንደሚኖር አልጠየቀም ነበርና።